ለአምስት ሰው ዲዛይን ቢሮ የትኛው ፒዲኤም ይሻላል? ከኮምቦልቻ ለተጠየቀው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኮምቦልቻ ላይ አምስት ሆናችሁ ማሽን ዲዛይን ታደርጋላችሁ፤ የእህል መውቂያ፣ ወፍጮ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ። የምትሠሩት ሶሊድዎርክስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ነው። ፋይሉ ሁሉ አንድ የጋራ ፎልደር ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ዋናው የመጨረሻ» እየተባለ ተከምሯል። ፒዲኤም የሚባለውን የዲዛይን ፋይል ማስተዳደሪያ ልትገዙ አስባችሁ የትኛው ይሻላል ነው ያልከው። አብሽር፣ ይሄ ያልደረሰበት ቢሮ የለም። እኔ የምሠራው ደሴ ነው፤ ቢሯችን ከእናንተ ብዙም አይበልጥም። ሲስተሙን ተክለን መሥራት ከጀመርን ቆየት ብለናል፤ ያየሁትን ልንገርህ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ የሶሊድዎርክስ ፈቃዳችሁ ፕሮፌሽናል ወይም ፕሪሚየም ከሆነ ምንም አትግዙ። ፒዲኤም ስታንዳርድ አብሮት ይመጣል። ብዙ ቢሮ ከፍሎበት ሳይተክለው ይኖራል። ፈቃዳችሁ ሶሊድዎርክስ ስታንዳርድ ከሆነ ግን ፒዲኤሙ የለበትም። አዎ፣ ሁለቱንም ስታንዳርድ ብለዋቸዋል፤ ስያሜውን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ። ብቻ ሻጭ ሲያናግራችሁ የቱን ስታንዳርድ እንደሚል አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ከምርጫው በፊት ግን ኪሳችሁን የሚጎዳው ችግር የቱ እንደሆነ እዩ። ፋይል ሲፈለግ ሰዓት ይባክናል፣ እሱ እውነት ነው። ዋናውን ገንዘብ የሚበላው ግን ከቢሮ የወጣ አሮጌ ድሮዊንግ ነው።

እኛ ጋ የሆነውን ስማ። ለአንድ ደንበኛ በተሠራ ማደባለቂያ ላይ ኩሽኔታው ከ6205 ወደ 6206 ተቀየረ። 6205 የውስጡ 25 ሚሊ፣ የውጩ 52 ሚሊ ነው። 6206 ደግሞ 30 እና 62። ስለዚህ ሻፍቱም ይለወጣል፣ ኩሽኔታው የሚገባበት ቤትም ይለወጣል። ሁለቱም ድሮዊንግ ተስተካከለ። የቤቱ አዲሱ ድሮዊንግ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ደረሰ። የሻፍቱ ግን አሮጌው ወረቀት ከበፊት ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበርና ባለሙያው በእሱ ሠራ። በመገጣጠሚያው ቀን ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ገብቶ እንደ ሰፋ ቀለበት ይዞር ጀመር። ሻፍቱ ተጣለ፣ ብረቱ እንደገና ተገዛ፣ የቶርኖው ሂሳብ ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ባለሙያው ላይ ምን ይፈረዳል? ወረቀቱ ያለውን ነው የሠራው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ አሮጌ መሆኑን የሚናገር ምንም አልነበረም። ሪቪዥኑን፣ ማለት ስንተኛው የጸደቀ እትም እንደሆነ የሚያሳየው ሳጥን ባዶ ነው። ቀኑ 5/3/2016 ይላል። ይሄ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 5 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይጽፋል፣ ሰው በእጁ በኢትዮጵያ ይጽፋል፣ አንዱ ፎልደር ውስጥ ሁለቱም አሉ። ዛሬ ገብተህ የራሳችሁን ድሮዊንጎች እይ፤ አታጣውም።

ስለዚህ አንድ ሲስተም ሲያሳዩህ የመጀመሪያው ጥያቄህ ይሄ ይሁን፦ የጸደቀው ድሮዊንግ ላይ ሪቪዥኑን ራሱ ይጽፋል ወይ? ያልጸደቀ ድሮዊንግስ ሲታተም ያልጸደቀ መሆኑ ይታወቃል ወይ? ሻጩ ስለ ባለቀለም ግራፍና ስለ ዳሽቦርድ ሲያወራህ ወደዚህ መልሰው።

አሠራሩን ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ፣ ቮልት በሚባል የጋራ ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጣሉ። ልትሠራበት ስትፈልግ ቼክ አውት ታደርጋለህ። ያኔ ፋይሉ በስምህ ይያዛል፤ ሌላው ሰው ከፍቶ ያየዋል እንጂ ሊለውጠው አይችልም። ስትጨርስ ቼክ ኢን ታደርጋለህ፣ አዲስ ቨርዥን ይመዘገባል፣ የበፊቱም አይጠፋም። ቨርዥን ለእናንተ ለቢሮው ሰዎች ነው፤ በቀን ሦስቴ ሊቀየር ይችላል። ሪቪዥን ግን ለቶርኖ ቤቱ ነው፤ ድሮዊንጉ ሲጸድቅ ብቻ ነው ከሀ ወደ ለ የሚሄደው። እነዚህን ሁለቱን ለሠራተኛው ለይታችሁ ካላስረዳችሁ በስተቀር ሲስተሙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ግርግሩ ይቀጥላል።

ሌላው ጥቅሙ አንድ ፓርት (ነጠላ ክፍል) የት የት አሴምብሊ (የክፍሎች ግጣም) ውስጥ እንደገባ መናገሩ ነው። በሶሊድዎርክስ አሴምብሊ ፓርቶቹን የሚፈልገው በፋይል ስምና በቦታቸው ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ገብተህ ስም ከቀየርክ አሴምብሊው ፓርቱን ያጣዋል። ፒዲኤም ውስጥ ስም ስትቀይር ግንኙነቱን ይዞ ይሄዳል። ይሄን ጎግል ድራይቭም ሆነ ድሮፕቦክስ አያደርግልህም። እንዲያውም ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ እኩል ከሠራ ሁለት ኮፒ ፈጥሮ ቁጭ ይላል፤ የቱ ትክክል እንደሆነ መለየቱ የአንተ ዕዳ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ፒዲኤም ስታንዳርድ ልኩ አለው። አንድ የማጽደቂያ ሂደት ብቻ ነው የምትሠሩበት። ዳታቤዙ ነፃው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የዳታቤዙ ጣሪያ 10 ጊጋባይት ሆኖ ቆይቷል። ይሄን ሰምተህ እንዳትደነግጥ። ፋይሎቹ ራሳቸው ዳታቤዙ ውስጥ አይገቡም፤ ለብቻቸው ማኅደር ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ዳታቤዙ የሚይዘው ስለ ፋይሎቹ ያለውን መረጃ ነው። ለአምስት ሰው ይበቃል። ፕሮፌሽናሉ በሁለት ከተማ ሰርቨር አስተሳስሮ ለመሥራት፣ በብራውዘር ለመግባት፣ ለተለያየ ሥራ የተለያየ ሂደት ለማቆም ነው። አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ካልከፈታችሁ ምን ያደርግላችኋል?

የአውቶዴስክን የዲዛይን ሶፍትዌር ኢንቬንተርን የምትጠቀሙ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወደዚያው ኩባንያ ፒዲኤም፣ ወደ አውቶዴስክ ቮልት ይሄድ ነበር። ቮልት ቤዚክ አብሮ ይመጣል፣ ቼክ አውትና ቼክ ኢኑን በደንብ ይሠራል። የማጽደቅ ደረጃና ሪቪዥን ግን የለውም፤ ለዚያ ቮልት ፕሮፌሽናል ይጠይቃችኋል። ከላይ ያወራሁት የሻፍቱ ችግር የሚፈታው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ክላውድስ፣ ማለት በኢንተርኔት የሚሠራውስ? ኦንሼፕ የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ሞክሬዋለሁ። ሶሊድዎርክስን ከመሠረቱት ሰዎች የወጣ ነው፤ ፒቲሲ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ሁሉም ነገር ብራውዘር ውስጥ ነው፣ ፒዲኤም የሚባል ሌላ ነገር መትከል አያስፈልግም። ሥራው ያምራል። ነፃው ላይ ግን የምትሠራው ሁሉ ለዓለም ክፍት ነው፤ የደንበኛ ሥራ እዚያ እንዳታስገባ። የሚከፈልበትም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት አንዲት መስመር አታሰምርም። በ2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ደግሞ የዓመት ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አምና ያወጣኸው የብር በጀት ዘንድሮ አይሠራም። ክፍያ በዘገየ ጊዜ የራስህን ድሮዊንግ ለማስተካከል የምትለማመጥበትን ነገር እኔ አልመክርም። የእኔ ሐሳብ ነው፤ ፋይበር ያለው አዲስ አበቤ ሌላ ሊልህ ይችላል።

እንግዲህ ሰርቨሩ ቢሯችሁ ውስጥ ይሁን ካልን የመብራት መቋረጥ ጣጣ አለ። ዲዛይን የማይሠራበት አንድ ለብቻው ኮምፒውተር ይኑራችሁ። የአንዱ ዲዛይነር ማሽን ሰርቨርም ይሁን ብላችሁ እንዳትጀምሩ፤ እሱ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር አራታችሁ ቼክ አውትም ቼክ ኢንም ማድረግ አትችሉም። ዩፒኤስ፣ ማለት መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ የግድ ነው። ዳታቤዝ እየጻፈ ባለበት መብራት ድርግም ሲል ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤሱ ደግሞ ባትሪው እያለቀ ሲሄድ ሰርቨሩን ራሱ በሥርዓት እንዲያጠፋው በገመድ አገናኙት፤ ሌሊት ማንም አይደርስለትም። ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ ቼክ አውት ያደረጋችሁት ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ ስላለ ሥራ አይቆምም።

ባክአፕ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቢሮ ኮምፒውተሩን ይዞ መውጣት እንዳልቻለ የኮምቦልቻ ሰው ለሆንከው ለአንተ አልነግርህም። ኮምፒውተር ተገዛ። ድሮዊንጉ ግን የሄደው ሄደ። ስለዚህ አንድ ኮፒ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ኮፒ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አይጠፋም፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ እያቀያየራችሁ መላክ ይበቃል። ሲቀዳ ደግሞ ዳታቤዙም የፋይሉ ማኅደርም አብረው ይቀዱ። ፎልደሩን ብቻ ገልብጦ «ባክአፕ አለኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ዳታቤዙ ከሌለ የትኛው ፋይል የምን እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ከተቀዳ በኋላም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩት።

የፋይል ስም ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ግማሹ ጣጣ እዚያ ነው ያለው። «ፓርት1» የሚባል ፋይል ስንት አላችሁ? ሶሊድዎርክስ አንድ ስም ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች እኩል አይከፍትም። አንደኛው ተከፍቶ ሳለ የሌላውን አሴምብሊ ስትከፍት የማይሆነውን ፓርት ሊያመጣብህ ይችላል። ፒዲኤም ላይ የአንድ ስም መደጋገምን ዝጉት። በአማርኛ መሰየምም ጣጣ አለው፤ አንዱ ሰንሰለት ብሎ በ«ሰ» ይጽፋል፣ ሌላው ሠንሰለት ብሎ በ«ሠ»፣ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚለው። አንዳንድ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) እና የላሜራ መቁረጫ ሶፍትዌርም የግዕዝ ፊደል ያለበትን ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ሲስተሙ ራሱ ተከታታይ ቁጥር ይስጥ። የአማርኛ መጠሪያው በዳታ ካርዱ፣ ማለት ስለ ፋይሉ መረጃ በሚሞላበት ቅጽ ላይ ይሞላ። ቁጥሩ ውስጥ የማሽን ዓይነት፣ ዓመት፣ የደንበኛ ስም ልክተት የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አትስሙት። አንድ ሻፍት ነገ ሌላ ማሽን ላይ ሲገባ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው ነገር። ፈቃድ የሌለው ሶሊድዎርክስ ላይ ከሆናችሁ፣ ፒዲኤም እዚያ ላይ አትትከሉ። የተሰበረ ሶፍትዌር ላይ የቢሮውን ሀብት በሙሉ ማስቀመጥ ነው፤ ሲበላሽ የምትደውሉለት የለም። ፈቃዱ ስታንዳርድ የሆነበትና ለማሳደግ ገንዘብ የሌለው ቢሮም ለጊዜው ሌላ መንገድ አለው። ሰብቨርዥን የሚባለው ነፃ ሲስተም ቶርተስ ኤስቪኤን ከሚባለው ጋር ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ሶፍትዌር ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ፋይል የመቆለፍ አሠራር ስላለው ግን ለእኛም ይሆናል። እስክትቆልፈው ድረስ ፋይሉ እንዳይጻፍበት ማድረግ ይቻላል። አሴምብሊና ፓርት መሆኑን አያውቅም፣ ሪቪዥንም ድሮዊንጉ ላይ አይጽፍልህም። ያም ሆኖ ከ«ዋናው የመጨረሻ» ይሻላል። አዲስ ለሚጀምር ደግሞ ፍሪካድ የሚባል ነፃ የዲዛይን ሶፍትዌር አለ፤ 1.0 ያሉት በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ከበፊቱ በጣም ተሻሽሏል።

ሲስተሙን ከተከላችሁ በኋላ ያለውን ፋይል ሁሉ ጠቅላላ አታስገቡ። አሁን የሚሸጡትን ማሽኖች ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ አጽድታችሁ አስገቡ። የድሮው ፎልደር እንዳይጻፍበት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ አንድ ነገር ሲፈለግ ያኔ ይመጣል። አምስታችሁም የአንድ ዓመት ሶሊድዎርክስ ተጠቀሙ። በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ ከ2024ቱ ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት ኋላ አድርጎ ማስቀመጥ ተችሏል እንጂ።

አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን። የግድ ኢንጂነር መሆን የለበትም። እኛ ጋ ይሄን የያዘችው ዶክመንት የምትይዘው ልጅ ናት። የጸደቀ ድሮዊንግ የምታትመው እሷ ብቻ ናት፤ ወረቀቱን ለቶርኖ ቤቱ ስትሰጥ አሮጌውን ተቀብላ ነው። አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱ አይሰጥም። መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎቹ አጉረመረሙ፣ «ምን ነካት ይቺ ልጅ» ተባለ። አሁን ራሳቸው ናቸው ደውለው «እትዬ፣ ለ ነው ወይስ ሐ?» የሚሏት። ሶፍትዌሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አያወርድምና ይሄ ሥራ የሰው ነው።

ሻጭ ጋ ስትሄዱ የእሱን ማሳያ ፋይል አትዩ። የራሳችሁን በጣም የተዝረከረከውን አሴምብሊ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ፊታችሁ ያስገባው፣ ስም ይቀይር፣ ያጽድቅ፣ ያትም። እስከዚያው ግን ሶሊድዎርክሱን ክፈትና ፈቃዱ የትኛው እንደሚል አይተህ እዚህ ጻፍልኝ። ፕሮፌሽናል ከሆነ የዳታ ካርዱን አሞላልና እኛ የምንሠራበትን የማጽደቂያ ሂደት እልክልሃለሁ።