መግቢያው ፒኤንፒ ይሁን ኤንፒኤን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለሰፈር ስብሰባ የሚሆን ትንሽ አምፕሊፋየር እየሠራሁ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ነጠላ 40 ቮልት ሲሆን ኔጌቲቩ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ነው። ያገኘሁት ሥዕል መግቢያው ላይ ሁለት ፒኤንፒ ትራንዚስተር፣ ቀጥሎ ቮልቴጁን የሚያጎላው ቦታ ላይ ተቃራኒውን ዓይነት፣ ኤንፒኤን ያሳያል። በእጄ በብዛት ያለው ግን ኤንፒኤኑ ሲ1815 ነው። መግቢያውን ኤንፒኤን፣ ማጉያውን ፒኤንፒ ባደርገው ምን ይጎዳል? ጓደኛዬ ደግሞ ፒኤንፒ ድምፁ ይጣፍጣል ይላል። (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አትገልብጠው። ምክንያቱ ግን ጓደኛህ ያለው አይደለም። የፒኤንፒ ቤዝ (ከትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች አንዱ፤ ሌሎቹ ኢሚተርና ኮሌክተር ናቸው) ውስጣዊ ሬዚስታንስ አነስ ስለሚል ሹክሹክታው ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። የሚታወቀው ግን ድምፁ የሚመጣበት ምንጭ ሬዚስታንስ ጥቂት አሥር ኦም ብቻ ሲሆን ነው። አንተ በ10 ኪሎ ኦም ቮሊዩም አስገብተህ ልዩነቱን በጆሮ አትለየውም።

ዋናው ነገር ማጉያው ኢሚተሩን የት እንዳሳረፈ ነው። ትራንዚስተር የሚያጎላው በቤዝና በኢሚተር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በሥዕልህ ላይ የኤንፒኤኑ ኢሚተር ግራውንድ ላይ ነው፤ እዚያ ጸጥታ አለ። ከገለበጥከው ግን የፒኤንፒው ኢሚተር 40 ቮልቱ ላይ ይንጠለጠላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከአራቱ ዳዮዶች በኋላ ያ መስመር በሰከንድ 100 ጊዜ ይወዛወዛል። ከኮሌክተር ወደ ቤዝ የተገናኘችው የ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ኮሌክተሩን ከዚያው መስመር ጋር እንዲወዛወዝ ትጎትተዋለች። ፊድባኩ (ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰው ምልክት) ጥቂት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስፒከሩ እምም ሲል ትሰማዋለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጉያውን ምረጥ፣ መግቢያው ተቃራኒው ይሆናል። የመግቢያው ፒኤንፒ ኮሌክተር ከግራውንድ 0.6 ቮልት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ኤንፒኤኑን ለመክፈት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

በጀርመኒየም ትራንዚስተር ዘመን የነበሩ ብዙ ሬዲዮዎች ፒኤንፒ ስለነበሩ ግራውንዳቸው ፖዘቲቭ ነበር። በሲሊከን ግን ጥሩ ኤንፒኤን መሥራት ቀለለ፤ የድሮ አምፕሊፋየር ስትከፍት መውጫው ላይ ሁለት 2ኤን3055 (ፓወር ኤንፒኤን) የምታገኘው፣ የሚመጥን ፓወር ፒኤንፒ ውድና ብርቅ ስለነበረ ነው።

ለመግቢያው ፒኤንፒ የሆነውን ኤ1015 ግዛ፤ ሁለቱም ከአንድ ጥቅል ይሁኑ። ማጉያው ሙሉውን 40 ቮልት ስለሚሸከም፣ 50 ቮልት ብቻ የሚችለውን ሲ1815 አላምነውም፤ 160 ቮልት የሚችል 2ኤን5551 አድርግበት። እግራቸውን ተጠንቀቅ፦ ጠፍጣፋው ጎን ወደ አንተ ሲሆን ኤ1015 ከግራ ኢሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው፤ 5551 ግን ቤዙ መሀል ላይ ነው። የመግቢያውን 20 ቮልት የሚያካፍሉት ሁለት ሬዚስተሮች መገናኛ ላይም 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ ጨምር። ያለዚያ ኢሚተሩ ያላስገባውን እምምታ ቤዙ ያስገባዋል።