መሪዋ የሚንቀጠቀጥ ቮልስ

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳት የ1963 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ አለችኝ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ስትገባ መሪዋ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የፊት ጎማዎቿም በውስጥ በኩል እየተበሉ ነው። ሦስት ጊዜ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቻለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይመለስብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአራተኛ ጊዜ እንዳትሄጂ። አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው። ጎማውን የሚይዙት የፊት እግር ክፍሎች ላልተው የተለካ ልክ መንገድ ላይ አይቆይም።

ያንቺዋ ቮልስ ፊቷ ላይ ቦልጆይንት (ኳስ መሳይ መጋጠሚያ) የላትም፤ እሱ የመጣው በ1966 ሞዴል ነው። የሷ ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን ነው፤ የፊት ጎማውን የሚይዙና የሚያዞሩ የብረት ፒኖች ናቸው፤ ግሪስ ካጡ ይበላሉ። ሲበሉ ደግሞ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የውስጡ ጠርዝ ማለቁ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እኔ ፊቷን በክሪክ አንስቼ በመቆሚያ አስደግፋለሁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ እወዘውዘዋለሁ። ቀጭ ቀጭ ካለ አንዱን ፍሬን ርገጥልኝ እለዋለሁ። ፍሬን ተረግጦ ውዝዋዜው ከጠፋ የላላው ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፤ ካልጠፋ ፒኖቹ ናቸው። ድሮ ይህን ሳልሞክር ደህና ኩሽኔታ ቀይሬ ባለመኪናው ፊት አፍሬያለሁ።

ግሪስ ሲሞላም ፊቷ ከመሬት የተነሳ ይሁን። ክብደቷ ካረፈበት ግሪሱ ወደተጫነው በኩል አይገባም። የመሪ ዘንጎቹን ጫፎችም በእጅሽ ነቅንቂያቸው። «የመሪ ሾክ (የመሪውን ንዝረት የሚያበርድ) ቀይሪ» የሚልሽ አይጠፋም። አዲስ ሾክ መንቀጥቀጡን ያፍነዋል፤ ጎማው ግን መበላቱን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የሚያዩበትን ልክ ቤትሽ ማየት ትችያለሽ። የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክዪ። በሁለቱም የፊት ጎማ ኋላ፣ በአክሱ (በጎማው እምብርት) ከፍታ፣ መሐሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኪ። ከዚያ መኪናዋን ወደፊት ግፊያት። ምልክቶቹ በዚያው ከፍታ ወደፊት ሲመጡ እንደገና ለኪ። የፊቱ በጥቂት ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ወደ ኋላ እየገፋሽ ከለካሽ ግን ልኩ ያታልልሻል። የድሮው መመሪያ ቁጥር ለድሮ ጎማ የተጻፈ ነው፤ ራዲያል የሚባለውን የአሁኑን ጎማ ካሰርሽ ያነሰ ልዩነት ይበቃታል።

ሲያልቅ መሪው ጠምሞ ከቆመ ነቅለሽ እንዳታዞሪው። የመሪ ዘንጎቹን፣ አንዱን ባሳጠርሽው ልክ ሌላውን አስረዝመሽ፣ መልሺው፤ አለበለዚያ የመሪ ሳጥኑ መሐሉን ይስታል።