ለገናና ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ፦ ትኬቱ እንዴት ይገዛ፣ ምን ይዘጋጅ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንቺና ባለቤትሽ ከ6 ዓመት ልጅና ከ22 ወር ሕፃን ጋር ለገና ገብታችሁ ጥምቀትን አክብራችሁ መመለስ ነው የፈለጋችሁት። አንቺ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይዘሻል፣ እሱና ልጆቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ያየሽው ዋጋ አስደንግጦሽ «ማክሰኞ ሌሊት ሲገዛ ይረክሳል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አይደለም። የምትገዢበት ቀን ሳይሆን የምትበሪበት ቀን ነው ዋጋውን የሚወስነው። አንድ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ተራ ወንበር በብዙ የዋጋ እርከን ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ርካሹ እርከን ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል፤ ደጋግመሽ በመፈለግሽ ዋጋ አይጨምርብሽም። ከዲሴምበር 15 እስከ 24 ባለው ጊዜ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ። የእኛ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ነው፣ ይህ ለእናንተ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የፈረንጅ ገና ካለፈ በኋላ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 3 ባለው ጊዜ የአሜሪካ ተጓዥ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ስለሆነ የመሄጃው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይላላል። በመልሱ በኩል ደግሞ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 እንዳለቀ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሳል። አራት አምስት ቀን ቆይታችሁ በሳምንቱ መሐል ብትመለሱ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ጎግል ፍላይትስ ላይ ከደለስ (ከዋሽንግተኑ ኤርፖርት) ወደ አዲስ አበባ አስገቢና የቀን ሰንጠረዡን ክፈቺ፤ የመሄጃና የመመለሻ ቀኖችን አጣምሮ ዋጋቸውን ጎን ለጎን ያሳይሻል። ቀኑን ከመረጥሽ በኋላ የዋጋ መከታተያውን አብሪና ሲቀንስ በኢሜይል ይነግርሻል። ለገና ጉዞ ከኦገስት ጀምሮ መከታተልና እስከ ኦክቶበር አጋማሽ መግዛት ተገቢ ነው። ኖቬምበር ከገባ በኋላ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ለእናንተ መንገድ አይሠራም።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያፈስበትን ነገር ልንገርሽ። በአንድ ጊዜ 3 ወንበር ስትጠይቂ ርካሹ እርከን ላይ 2 ብቻ ቀርቶ ከሆነ ሲስተሙ ሁለቱን በርካሽ አንዱን በውድ አይሰጥሽም፤ ሦስቱንም ወደ ውዱ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለ1 ሰው ፈልጊ፣ ከዚያ ለ2፣ ከዚያ ለ3። የአንዱ ሰው ዋጋ መሐል ላይ ከዘለለ እርከኑ እዚያ አልቋል ማለት ነው። ለምሳሌ እስከ 2 ሰው 1,300 ዶላር፣ በ3 ሰው ደግሞ እያንዳንዱ 1,550 ቢሆን፣ ሦስቱን አብሮ መግዛት 4,650 ነው፤ ሁለቱን ለብቻ፣ አንዱን ለብቻ ስትገዢ 4,150። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። ልጅ ብቻውን በአንድ ቡኪንግ ላይ እንዳይቀር፣ ከአንዳችሁ ጋር ይሁን። እንደገዛሽም ወደ አየር መንገዱ ደውለሽ ሁለቱ ቡኪንጎች እንዲያያዙ ጠይቂ፤ አለዚያ በረራ ሲቀየር አንዳችሁን ወደ ሌላ ቀን ሊያዛውሩ ይችላሉ።

የሕፃኑን ነገር በደንብ አስቢበት። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ጭን ላይ ሲቀመጥ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ነው። የሚቆጠረው ግን በገዛሽበት ቀን የነበረው ዕድሜ ሳይሆን በበረራው ቀን ያለው ነው። አሁን 22 ወር ከሆነ ለገና ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው የራሱ ወንበር ያለው የልጅ ትኬት ያስፈልገዋል፣ በጀትሽን በ4 ወንበር አስይው። ከላይ ያልኩሽን ፍለጋም እስከ 4 ድረስ ቀጥይው። የልደት ቀኑን አዛብቶ ማስገባት ፓስፖርቱ ሲታይ ኤርፖርቱ መመዝገቢያ ላይ በዕለቱ ዋጋ ወንበር ያስገዛችኋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደለስ አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል። በመልሱ ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ለመነሳት ይከብደዋል። ሌሎቹ፣ ሉፍታንዛ በፍራንክፈርት፣ ተርኪሽ በኢስታንቡል፣ ኳታር በዶሃ፣ ኤምሬትስ በዱባይ፣ ኢጅፕት ኤር በካይሮ ናቸው። ከሁለት ሕፃናት ጋር 9 ሰዓት ትራንዚት መጠበቅ ለ80 ዶላር ቅናሽ አይገባም፤ ለ4 ሰው 1,200 ዶላር ካተረፈላችሁ ግን ይታሰብበት። ለቅናሽ ብሎ ኒውዮርክ ድረስ ሻንጣ ጎትቶ መሄድንም በዚህ ቁጠሪው።

በአንቺ ፓስፖርት ምክንያት አንድ ነገር ይለያል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በፍራንክፈርት ለማለፍ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ ያልተቃጠለ ግሪን ካርድ ካለሽ ከዚህ ነፃ ነሽ። ይህ የሚሠራው ግን ትኬቱ እስከ አዲስ አበባ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። እስከ ፍራንክፈርት አንድ ርካሽ ትኬት፣ ከዚያ ሌላ ትኬት ከገዛሽ ሻንጣሽን አውጥተሽ እንደገና ማስገባት ይኖርብሻል፤ ለዚያ ደግሞ ጀርመን መግባት ስላለብሽ ግሪን ካርዱ አይበቃም፣ የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል። ደለስ መመዝገቢያው ላይ ይመልሱሻል፣ ገንዘቡም ይቀራል።

ከኤጀንት መግዛት መጥፎ አይደለም፤ በተጨናነቀ ወቅት ድረ ገጽ ላይ የሌለ ዋጋ የሚያገኙ አሉ። ነገር ግን የ6 ፊደልና ቁጥር ኮድ ብቻ ሰጥቶሽ «ተቆርጧል» ካለሽ አትቀበይ። እሱ ቦታ መያዣ ነው፣ ካልተከፈለበት ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኮዱን ራስሽ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ አረጋግጪ፣ ክፍያውንም በክሬዲት ካርድ አድርጊው፤ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) የላክሽውን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። በቀጥታ ከአየር መንገዱ ስትገዢ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ አንድ መብት ይሰጥሻል፦ በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ በገዛሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችያለሽ፤ ወይም አየር መንገዱ ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት ዋጋውን ይይዝልሻል። የስም ስህተት የሚታረምበት ጊዜ ይህ ነው።

ስም ስል፣ ለእኛ ሰው ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ሊሆን ይችላል። ትኬቱ መመሳሰል ያለበት ከምትጓዢበት ፓስፖርት ጋር ነው። ፎቶው ባለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዪ፤ በመጀመሪያው ላይ ከአገሩ 3 ፊደላት ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፣ ከድርብ ምልክቱ (<<) በኋላ ያለው መጠሪያ ስም። ፊደል በፊደል እሱን ገልብጪ። የልጆቹ የቤተሰብ ስም ካንቺ የሚለይ ከሆነና አንዳችሁ ቀድማችሁ የምትመለሱ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬታቸውን ቅጂና የሌላውን ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ።

ፓስፖርቶቹ ከመመለሻው ቀን በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይኑራቸው። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፣ የ6 ዓመቱ ሕፃን ሳለ የወጣለት ከሆነ ተቃጥሏል። አዲስ ለማውጣት ሁለታችሁም ከልጁ ጋር መገኘት አለባችሁ፣ ወይም የቀረው ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ ፈቃድ ይላክ። ባለቤትሽና ልጆቹ ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያስፈልጋቸዋል፤ የኢንተርኔት ቪዛውን መጨረሻው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ከሆነው የመንግሥት ገጽ ብቻ አውጡ፣ ተመሳስለው የተሠሩ ገጾች ጨምረው ያስከፍላሉ።

የትኬቱን ሰዓት ለአዲስ አበባ ዘመድ ስትነግሪ ቀይሪው። መመለሻው ጃንዋሪ 27፣ 00፡30 የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ ቦሌ የምትደርሱት ጃንዋሪ 26 ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን በማየት ብቻ በማግሥቱ ማታ የሚሄድ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ለሻንጣ የትኬትሽን ዝርዝር አንብቢ፤ ከአሜሪካ የተለመደው ለአንድ ሰው 2 ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ርዝመት ወርድና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። የቤት ሚዛን ስለሚሳሳት 22 ላይ አቁሚ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል፣ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በመልሱ በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ብትይዢ ደለስ ስትገቢ ምግብ እንዳለሽ ተናገሪ። ቋንጣ ግን አይገባም፤ ሳይናገሩ ይዞ መገኘት መወረስ ብቻ ሳይሆን ቅጣትም አለው።