ስትሮክ ከመታቸው በኋላ መዋጥ ላቃታቸው አባት፦ ስለ ቻይና መርፌና ስለ ኤሌክትሪክ ማሽኑ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽን ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ የሚመገቡት በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ ነው፤ ውኃ በማንኪያ ስትሞክሪላቸው ትን ይላቸዋል። ዘመድ «አዲስ አበባ ወስደሽ የቻይና መርፌ አስደርጊላቸው» ይልሻል፤ ጎረቤት ደግሞ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያየውን የኤሌክትሪክ ማሽን ግዢ ይልሻል። የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። እዚሁ ድሬ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን መዋጥ በማለማመድ ሥራ ላይ ስላለሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. በማንኪያ የምትሰጪውን ውኃ ዛሬውኑ አቁሚ። ከመርፌውም ከማሽኑም በፊት ይኼ ይቀድማል። ውኃ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ማንቁርቱ ተነሥቶ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ እሱ ቀድሞ ይደርሳል። ቤተሰብ ግን «ውኃ ምን ያደርጋል» ብሎ የሚጀምረው በእሱ ነው። ትን ብሏቸው ሲያስሉ ቢያንስ ሰውነታቸው እየተከላከለ ነው። የሚያስፈራው ሳይስሉ የሚገባው ነው። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ውኃው ሳንባ ገብቶ ፊታቸው እንኳ ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሳል ብቻ አትጠብቂ። ምራቃቸውን ከዋጡ በኋላ «አ» በሉ በያቸው። ድምፃቸው ውኃ ያዘለ ከመሰለ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ትኩሳት ከመጣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

አፋቸውን ደግሞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በብሩሽ አጽጂላቸው። በአፍ አይበሉምና አይቆሽሽም የሚል ሰው አለ፤ ተቃራኒው ነው። በአፍ የማይበላ ሰው ምራቁ ስለሚቀንስ ጀርሙ ይበዛል፤ ያ ጀርም ከምራቅ ጋር ሳንባ ሲገባ ነው የሳንባ ምች የሚነሣው።

2. ማሽን ከመግዛትሽ በፊት የመዋጥ ምርመራ ጠይቂ። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሂጂ፣ ሳቢያንም፣ ሐረር ሕይወት ፋናም፣ «አባቴ ደክሟቸዋል» ብለሽ አትግቢ፤ «የመዋጥ ምርመራ እንዲደረግላቸው ነው የመጣሁት» በይ። አልጋ ላይ የሚደረገው ቀላሉ ምርመራ እንዲህ ነው። ታማሚው ሙሉ በሙሉ ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አፉ ተጠርጎ፣ በሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ድምፁና ትንፋሹ ይታያል። ይኼ በደህና ካለፈ 90 ሚሊ ሊትር ሳያቋርጥ እንዲጠጣ ይደረጋል። በመሃል ሳል ወይም እርጥብ ድምፅ ከመጣ እዚያው ይቆማል። ይህን ባለሙያ ያድርገው፤ ቤት አትሞክሪው። ያለ ሳል የሚገባውን ደግሞ ይኼ ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ባሪየም የሚባል በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ እያስዋጡ ማየት ወይም በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ማየት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው።

አቦ፣ እኔን የሚያናድደኝ የመውጫ ወረቀቱ ነው። የደም ግፊት ኪኒኑ ከነሰዓቱ ተጽፎ ይሰጣል፤ በአፍ ምን ይፈቀዳል፣ ቱቦው መቼ ይታያል የሚለው ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። ቤተሰብ ቤቱ ገብቶ በግምት ያበላል። አንዳንዱ ቢሮ ደግሞ «ለመዋጥ ምን ካርድ ይወጣል?» ብሎ ይመልሳል። አትመለሺ፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ አስጽፊ። ቱቦው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈው በሆድ ላይ በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚገባው ቱቦ ይሻላል ወይ የሚለውም መነሣት አለበት፤ አባትሽ እዚያ ደርሰዋል።

3. አሁን ወደ ማሽኑ። ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ለጀርባና ለጉልበት ሕመም የተሠራው ተንስ የሚባለው ነው። እሱ የስሜት ነርቭን እየነካ ሕመም ያደበዝዛል። ለመዋጥ የሚፈለገው ግን ጡንቻን የሚያኮማትረው ነው። ሁለቱም ገመድና ተለጣፊ ስላላቸው መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሻጩም «ለሁሉም ይሆናል» ይላል። አይሆንም። ለጉሮሮ የታወቀው ቫይታልስቲም የሚባለው ማሽን የሚሠራው በ80 ኸርትዝ፣ በ700 ማይክሮ ሴኮንድ ምት ነው፤ ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ ከ25 ሚሊ አምፔር አያልፍም። አንዱ ሕክምና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት 5 ቀን ይሰጣል። ልኩ የሚታወቀው ታማሚው «ያዘኝ፣ ጨበጠኝ» ሲል ነው። «ይነዝረኛል» ብቻ ካለ ገና ነው፤ ካቃጠለው አልፏል።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ተለጣፊውን የት እንደሚለጥፉት አለማወቅ ነው። በአንገት ጎን፣ ከመንጋጋው ማዕዘን ዝቅ ብሎ፣ ትልቁ የደም ሥር የሚመታበት ቦታ አለ፤ ጣትሽን ብታሳርፊ ይሰማሻል። እዚያ ኤሌክትሪክ ከተሰጠ የደም ግፊት በአንዴ ሊወርድ፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ስትሮክ ለመታው ሰው ይኼ ሌላ አደጋ ነው። ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ተለጣፊ ከማንቁርቱ በታች ማድረግ ነው። የታችኞቹ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ የምላስ ሥር አጥንቱን ወደ ታች ይጎትቱታል፤ በምንዋጥበት ጊዜ ግን ያ አጥንት መሄድ ያለበት ወደ ላይና ወደ ፊት ነው። አቅም ያለው ታማሚ ያንን ጉተታ አሸንፎ ሲውጥ ይጠነክራል፤ የደከመው ግን ይብስበታል። እንደ አባትሽ ላለ ሰው መነሻው ከአገጭ ሥር ነው፤ ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነው።

ጺም ካላቸው ተለጣፊው አይይዝም። አባቶች ጺማቸውን መንካት አይወዱም፤ አስፈቅደሽ ከአገጭ ሥር ያለውን ብቻ ማሳጠር ይበቃል። የድሬ ሙቀትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቆዳው ካላበው የተለጣፊው ጠርዝ ይነሣል፤ ኤሌክትሪኩ በቀረው ትንሽ ቦታ ይሰበሰብና ቆዳ ያቃጥላል። በጠዋት ወይም ማራገቢያ ባለበት ይደረግ፤ ቆዳው ታጥቦ ይድረቅ፤ ተለጣፊው ከሌላ ታማሚ ጋር አይጋራ። ልባቸው ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ካለ፣ ከስትሮኩ ወዲህ የሚጥል ሕመም ካመጣባቸው፣ አንገታቸው ላይ ካንሰር ወይም ቁስል ካለ፣ ወይም ሲያማቸው መናገር የማይችሉ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀመርም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በርቶ ታማሚው ዝም ብሎ ከተኛ ያ ሰዓት ባከነ። ኳስ ተጫዋች እግሩን እያስነዘረ ቤቱ ቢቀመጥ ጨዋታ አይለምድም። ጡንቻው በተጨበጠ ጊዜ አባትሽ መዋጥ አለባቸው። በአፍ ካልተፈቀደላቸው የራሳቸውን ምራቅ ይዋጡ፤ አፋቸው ከደረቀ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ እስኪደርቅ የጨመቅሽው የቁስል ጋዝ ጨርቅ ምላሳቸውን ይንካላቸው። በየደቂቃው ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ትልቅ ጉርሻ እንደሚያወርዱ አድርገው ጉሮሯቸውን አጥብቀው። ሌላው ልምምድ ማንቁርቱ ላይ ጣት አሳርፎ፣ ሲውጡ ወደ ላይ ሲወጣ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ በጉሮሯቸው ጉልበት እዚያው ማቆየት ነው። ባለሙያ ጋ ስትሄጂ «በ30 ደቂቃው ውስጥ አባቴ ምን ያደርጋሉ?» ብለሽ ጠይቂ። «ምንም፣ ይረፉ» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ማሽን ባይገኝም ልምምዱ አይቅር። አንገታቸው ጤነኛ ከሆነ ያለ ትራስ በጀርባቸው ይተኙና ትከሻቸው ሳይነሣ ጭንቅላታቸውን ብቻ አንሥተው የእግራቸውን ጣት ይዩ። 1 ደቂቃ ይዘው 1 ደቂቃ እያረፉ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሳይቆዩ ማንሣትና ማውረድ 30 ጊዜ። ይኼ በቀን ሦስት ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው። መጀመሪያ 10 ሴኮንድ እንኳ ካቃታቸው ከዚያ ይጀምሩ። በቱቦ ከተመገቡ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይተኙ።

በአፍንጫ በሚገባ ገመድ ጉሮሮን ከውስጥ የሚያነቃቃ ሌላ ዘዴም አለ፤ በ5 ኸርትዝ፣ በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ3 ቀን። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ትልቅ ጥናት ጥቅሙ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ግን አንገታቸው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ከነበራቸው 35 ታማሚዎች ለ17ቱ ቱቦውን ለማውጣት አብቅቷል፤ ማነቃቂያ ካላገኙት 34ቱ ግን 3 ብቻ ነበሩ። አባትሽ የአንገት ቱቦ ስለሌላቸው ይኼን አታሳድጂ።

መርፌውን በተመለከተ፣ መድኃኒት የለውም፤ ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚረዝም እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ለመዋጥ የሚወጋው በተለይ ሊያንቹዋን በሚባለው ከማንቁርት በላይ ባለው ጎድጎድ ወደ ምላስ ሥር አቅጣጫ፣ ከጆሮ ጀርባ ዪፌንግ ላይና ከማጅራት ፌንግቺ ላይ ነው። ለ30 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ አንዳንዱ ባለሙያ መርፌዎቹን በገመድ አገናኝቶ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ይሰጥባቸዋል። ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ የተለያዩ የመዋጥ ሕክምናዎችን የፈተሹ 41 ጥናቶችን፣ 2,660 ታማሚዎችን አይቷል፤ ከእነዚህ የመርፌው 11 ናቸው፤ መርፌ የመዋጥ ችግራቸው ሳይለቃቸው የሚቆዩ ሰዎችን ቁጥር ሊቀንስ እንደሚችልም አግኝቷል፤ የጥናቶቹ ጥራት ግን ደካማ ነው ብሏል፤ ሞትን ሲቀንስም አልታየም። ስለዚህ መርፌውን አልቃወምም፤ በምርመራና በልምምድ ላይ የሚጨመር ከሆነ ጥሩ ነው፤ በእነሱ ፋንታ ከሆነ ግን አይሆንም።

ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ይወስዳሉ? ለባለሙያው ሳይጠይቅሽ ንገሪው። አንገት ውስጥ ደም ከፈሰሰ እብጠቱ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ብለሽም መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ሌላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። መርፌው ከታሸገበት ፊትሽ ይከፈት፣ አንዴ ተጠቅሞበት ይጣል፤ ከወጣም በኋላ ቦታው ለሁለት ሦስት ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ። የፌንግቺው ወደ አፍንጫ ጫፍ አቅጣጫ እንጂ ወደ መሃል በጥልቀት አይገባም፤ ከሥሩ የአንጎል ግንድ አለ። የጉሮሮ መርፌ የሚወጋው ሰው የሕክምና ፈቃዱን ሊያሳይሽ ይገባል።

አዲስ አበባ ካሰብሽ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ቡድን ስለሚሠራበት መጀመሪያ እሱን በስልክ ጠይቂ። አንድ ዙር በሳምንት አምስት ስድስት ቀን እየሆነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ መመለስ ስለሌለ የማደሪያውን ሒሳብ አስቀድመሽ ሥሪ። በመንገድ ላይ እንዲተኙ አታድርጊ፤ ወንበራቸው ቀና ይበል፣ የቱቦው ምግብ ከመነሣታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ።

በአፍ ሲፈቀድላቸው ባለሙያው ውፍረቱን በቁጥር ይንገርሽ፤ «ወፈር ያለ» አይበቃም። 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ፣ ከዜሮ እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዢ። መግፊያውን አውጥተሽ፣ አፉን በጣትሽ ዘግተሽ በሚጠጡት ፈሳሽ እስከ 10 ሙዪውና ለ10 ሴኮንድ ልቀቂው። ውስጡ ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ከቀረ ደረጃ 3 ነው፤ ምንም ካልወረደ ደረጃ 4። ለማወፈር የበሰለ ቡላ ይሠራል፤ ግን ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር የምትለኪው በሚጠጡበት ሙቀት ይሁን። የላሱትን ማንኪያ መልሰሽ ኩባያው ውስጥ አትክተቺ፤ ምራቅ ስታርቹን ሰብሮ ያቀጥነዋል። አብሽ ሳይበስልም ይወፍራል፤ የስኳር ሕመም ወይም ዋርፋሪን ካለ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪ አይሁን። የሚጣበቅ ገንፎ፣ መረቅና ቁራጭ የተቀላቀለበት ፍርፍር፣ ፍሬው የሚበተን ሩዝ ኋላ ይምጣ። ከበሉ በኋላ የደከመው ጉንጭ ውስጥ የቀረ እንዳለ በባትሪ እይው። ጫት ለምደው ከነበረ ደግሞ ቅጠሉ የሚቀረው እዚያው ነው፤ ግፊታቸውንም ስለሚያነሣ በምንም ምክንያት አይስጧቸው።

የመውጫ ወረቀቱን ፎቶ፣ ስማቸውን ሸፍነሽ፣ እዚህ ላኪልኝ፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና በዚህ ሳምንት ትኩሳት ነበራቸው ወይ የሚለውን ጨምሪበት። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትሄጂ የምትጠይቂውን ለይቼ እጽፍልሻለሁ።