«ሙዚቃው ሲጀመር እንግዶቼ ይነሣሉ»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አነስተኛ የዓሣ ምግብና መጠጥ ቤት ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቀን ቀን ቤቴ ሰው አያጣም። አመሻሽ ላይ አዝማሪና ጭፈራ እንዲኖር ብዬ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ብከራይም፣ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን ወንበሩ ባዶ ይቀራል፤ የቀሩትም እስክስታ ለመውረድ አይነሡም። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ድምፁ አላስተኛን አለ» እያሉ ያማርራሉ። ድምፁን ልጨምር፣ ልቀንስ ወይስ ሙዚቃውን ጭራሽ ልተወው?

መልስ፦ ሙዚቃውን አይተዉት፤ ማጉያውን ግን ለአከራዩ ይመልሱለት። የአዝማሪ ሙያ ከማሲንቆው ይልቅ በቃሉ ላይ ያረፈ ነው። ከተቀመጡት አንዱን አይቶ አለባበሱን ወይም ኩርፊያውን በግጥም ሲነካካው፣ ጥግ የያዘ ሌላ እንግዳ ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ነው ቤት የሚሞቀው። ሰምና ወርቅ ባለው ስንኝ ውስጥ አንዲት ቃል ካመለጠች ወርቁ አይገኝም። አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ ባለ የሐይቅ ዳር ቤት ተቀምጬ አዝማሪው የግጥሙን መድረሻ ሲጥል አጠገቡ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ሳቁ፤ ሌሎቻችን «ምን አለ?» እየተባባልን ሳለ ማጉያው ጮኸብንና ሒሳብ ጠየቅን። የእርስዎም እንግዶች የሚነሡት ሙዚቃ ጠልተው አይመስለኝም። አዝማሪውን ከመድረክ አውርደው በወንበሮቹ መካከል እንዲዘዋወር ያድርጉት፤ ከበሮ መቺውን ብቻ አንድ ቦታ ያስቀምጡ።

የጎረቤቶችዎ አቤቱታም ምክንያት አለው። ሣርና ዛፍ ድምፅን ሲውጡ፣ ጸጥ ያለ ውኃ ግን መልሶ ስለሚልከው፣ በሐይቅ ዳር የተለቀቀ ሙዚቃ በዳርቻው ተያይዘው ላሉት ቤቶች ሁሉ ይደርሳል። በዚህ ላይ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል፦ ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይመጣል፣ ማታ የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ውኃው ይመለሳል። ስለዚህ የሌሊቱ ዘፈን ወደ ገዳማቱ አቅጣጫም ይሄዳል፤ አባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ያለችው ደብረ ማርያም ሩቅ አይደለችም። ይኸው ነፋስ ምድጃንም ይመለከታል። ከሰሉን በውኃው በኩል ካስቀመጡት ከሰዓት በኋላ ጭሱ በቀጥታ እንግዳው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ወደ መንገዱ በኩል ቢያዞሩት ቀኑን ያርፋሉ፣ ማታ ነፋሱ ሲገለበጥ ግን ጥብሱን ቀድመው ጨርሰው እሳቱን ማዳፈን ይኖርብዎታል።

ጭፈራውን በተመለከተ፣ ወለልዎ የሴራሚክ ንጣፍ እንደሆነ እገምታለሁ፤ አዲስ የሚከፈት ቤት ሁሉ ይህን ይወዳል። እርጥብ ጫማ ሲነካው ይንሸራተታልና ሰው ትከሻውን ከመጣሉ በፊት እግሩን ይፈራል። እስክስታ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ሲያደርጉ ክርናቸው ከጠረጴዛ መጋጨት የለበትም፤ ሦስት ጠረጴዛ ያንሡና ቦታውን ሻካራ ሲሚንቶ ያድርጉት። የሚጨፍረው ሰው እንደ ትርኢት እንዳይታይ ቦታው ከመግቢያው ፊት ለፊት አይሁን።

ሌላው ጉዳይ ትንኝ ነው፤ ይህን በደብዳቤዎ አለመጥቀስዎ ገርሞኛል። ጀምበር ስትጠልቅ ሰውን ከሐይቅ ዳር የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና፣ ደማቁን ነጭ አምፖል በቢጫ ይለውጡ፣ ከጠረጴዛው በታች እግር ላይ የሚነፍስ ማራገቢያም ያስገቡ።

ምግቡ ቀላል ነው። ጠዋት ከጀልባ የወረደውን ቆሮሶ ለምሳ ሙሉውን ጠብሰው ይጨርሱት፤ ለማታ በበረዶ ያቆዩትን የዓሣ ሥጋ ለለብለብና ለዱለት ያድርጉ፣ ምክንያቱም እያወራና እየጨፈረ ያለ ሰው እሾህ መልቀም አይፈልግም። አምባዛም ለዚህ ይሆናል። በዝርዝሩ ላይ «የጣና ናይል ፐርች» ብለው ጽፈው ከሆነ ግን ያጥፉት፤ ይህ ዓሣ ጢስ ዓባይን ሽቅብ ማለፍ ስለማይችል ጣና ውስጥ የለም፣ የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ዓሣውን ያውቃል።

ይህን ሁሉ አድርገው ጎረቤት አሁንም ካማረረ፣ አንድ ምሽት ዘፈኑ እየተካሄደ ሳለ ቤትዎን ትተው ከእሱ ደጃፍ ይቁሙና ያዳምጡ፤ ስንት ሰዓት ላይ ከበሮው መቆም እንዳለበትም እዚያው ከእሱ ጋር ይስማሙ።