ሬንጀርስን የጣለው የትኛው ታክስ ነው?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ለሥራ ወደ ግላስጎው ልዛወር ነው። እዚያ ያሉ ልጆች ሬንጀርስ የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ በታክስ ምክንያት ሞቷል፣ የአሁኑ ሌላ ክለብ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሚዲያው ነው ያጋነነው ይላሉ። እውነቱ የቱ ነው? የምታውቁ ካላችሁ አብራሩልኝ።»

ወንድሜ፣ እኔ ከ2009 ጀምሮ ግላስጎው ነኝ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቤቴ ጎቫን ነው፤ ከሬንጀርስ ስታዲየም፣ ከኢብሮክስ፣ በእግር አሥር ደቂቃ። ጎል ሲገባ ከቴሌቪዥኑ በፊት በኩሽናዬ መስኮት ይሰማኛል። ስለዚህ ወገንተኛ መሆኔን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ሬንጀርስ ነኝ።

እንዴት ሬንጀርስ ሆንክ ካልከኝ፣ ጎረቤቴ ነው ያደረገኝ። የመርከብ ግንባታ ጡረተኛ ነው፤ በልቤ «ጋሼ» ነው የምለው። ገና በገባሁ በሳምንቱ ደረጃው ላይ አቁሞ «ፕሮቴስታንት ነህ ካቶሊክ?» አለኝ። «ኦርቶዶክስ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «የየትኛው ኦርቶዶክስ? የሬንጀርስ ወይስ የሴልቲክ?» አለ። እየቀለደ ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድም አልነበረም፤ እዚህ ሬንጀርስ የፕሮቴስታንቶች፣ ባላንጣው ሴልቲክ ደግሞ የካቶሊኮች ክለብ ተብሎ ነው የሚታወቀው። አንተም ትጠየቃለህ፤ ተዘጋጅ።

ወደ ታክሱ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገሩን አንድ ታክስ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ጉዳዩ ቢያንስ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የተለያየ ሰው ሥራ ናቸው።

የመጀመሪያው «ትልቁ የታክስ ክስ» የሚባለው ነው። ክለቡን ከ1988 ጀምሮ የያዘው ዴቪድ መሪ ነበር (መሪ ስሙ ነው፣ ማዕረግ አይደለም)። ከ2001 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ለተጫዋቾችና ለሠራተኞች ከ47 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተከፈለው በደመወዝ መልክ አልነበረም። ገንዘቡ መጀመሪያ ጀርዚ ደሴት ወዳለ የአደራ ፈንድ ይገባል። ከዚያ ተጫዋቹ «ብድር» ይወስዳል። ብድር ላይ የገቢ ግብር የለም። መልስልኝ የሚል አበዳሪም አልነበረም። እኛ አገር ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው ዓይነት ብድር ነው በለው፤ ልዩነቱ ይኼኛው በጠበቃ የተጻፈ መሆኑ ነው። ከዋናው ውል ጎን ደግሞ ይህን ክፍያ ቃል የሚገባ፣ ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ያልታየ የጎን ደብዳቤ ነበረ። በዚያ ገንዘብ የመጡ ተጫዋቾች ዋንጫ አንስተዋል። በ2008ም ማንችስተር ድረስ ሄደው በዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ በዜኒት 2 ለ 0 ተሸንፈዋል። ያኔ እኛ ሠፈር ስለ ጀርዚ ደሴት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም አሉ።

ሁለተኛው ታክስ ግን ምንም ረቂቅ ነገር የለበትም። ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጥ ግብርና ቫት ነው።

ግብር መሥሪያ ቤቱ የአደራ ፈንዱን ጉዳይ ሲጀምር ክለቡን ማንም ጤነኛ ባለሀብት ሊገዛው አልፈለገም። ብታሸንፍ ደህና፤ ብትሸነፍ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕዳ ትወርሳለህ። መሪ በግንቦት 2011 ድርሻውን ለክሬግ ዋይት በ1 ፓውንድ ሸጠ። አዎ፣ በአንድ ፓውንድ። ገዢው 18 ሚሊዮን የሚሆነውን የባንክ ዕዳ ከፍሎ ሊዘጋ ተስማማ፣ ዘጋውም። በኋላ ግን ገንዘቡ የመጣው ከኪሱ እንዳልሆነ ታወቀ። ደጋፊው በሚቀጥሉት ዓመታት የሚገዛውን የዓመት ቲኬት ቲኬተስ ለሚባል ድርጅት አስቀድሞ ሸጦ ነው። ጋሼ ይህን በጋዜጣ ያነበበ ቀን «ገና ያልተወለደ ጥጃ ሸጦ ላሚቱን ገዛት» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናገረ። የሱን ቋንቋ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

በዚያው ነሐሴ ቡድኑ ከቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ በማልሞ፣ ከዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ ደግሞ በማሪቦር ወጣ። የአውሮፓ ገቢ ቀረ። ገንዘብ ሲያጥር ምን ተደረገ? ከሠራተኛው እየተቆረጠ ለመንግሥት መግባት ያለበት ግብር ሳይገባ ቀረ። ቫቱም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ፤ ነገሩን የተረዳሁት በዚያ ነውና። ያን ሰሞን አንድ ቦታ ሌሊት ሌሊት እሠራ ነበር። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ በየወሩ ግብር ተቆርጦ ይታያል። ሥራውን ስለቅ ትርፍ የከፈልኩት ይመለስልኝ ብዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ቁጥሬን አስገባች፤ ዝም አለች፤ ከዚያ «እዚያ ድርጅት መሥራትህን የሚያሳይ ምንም ነገር እኛ ጋ የለም» አለችኝ። አሠሪዬ ከእኔ ቆርጦ ለራሱ አስቀምጦታል። የደመወዝ ወረቀቶቼን በጫማ ካርቶን አስቀምጬ ስለነበር ዳንኩ። ከዚያ በኋላ «ክለቡ የሠራተኛ ግብር አልከፈለም» የሚለው ዜና በሌላ ጆሮ ነው የተሰማኝ። ይህ የክለቡ ገንዘብ አይደለም። ከሣር አጫጁ፣ ከቲኬት ቤቷ ልጅ ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ነው።

የካቲት 14 ቀን 2012 ክለቡ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ገባ። አስተዳዳሪዎቹ ዋይት ከገባ ወዲህ ያልተከፈለው ግብርና ቫት ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ነው አሉ። አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ የዋንጫው ነገር በዚያው አበቃ። በአራተኛው ቀን ከኪልማርኖክ ጋር ጨዋታ ነበር። ጋሼ የታመመ ወንድሙን ቲኬት ሰጠኝና አብረን ሄድን። ከ50 ሺህ በላይ ሰው! ሠርግ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ገና ሳይጀመር ያለቅስ ነበር። ከዚያ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሲያልቅ ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። አሰልጣኙ አሊ ማኮይስት በዚያ ሰሞን «እኛ ጥሎ መሄድ አናውቅም» ያላት ነገር በየሸሚዙና በየባነሩ ተጻፈች።

ከዚያ ወሳኙ ነገር መጣ። ክለቡ ለአበዳሪዎቹ «ከዕዳችሁ ጥቂቷን ተቀበሉና እንስማማ» አለ። እንዲህ ዓይነት ስምምነት እንዲጸድቅ በዕዳው መጠን 75 በመቶው መስማማት አለበት። ግብር መሥሪያ ቤቱ ከሩብ በላይ ድምፅ ነበረው። በሰኔ 2012 እምቢ አለ። በቃ። ኩባንያው እንዲፈርስ ተወሰነ፤ ስታዲየሙ፣ ስሙ፣ ታሪኩ ሁሉ በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቻርልስ ግሪን ላቋቋመው አዲስ ኩባንያ ተሸጠ። የሴልቲክ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ «ሴቭኮ» የሚሉን ከዚያ ኩባንያ የመጀመሪያ ስም ነው።

አስቂኙ ነገር ምን መሰለህ? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የታክስ ችሎቱ ስለ ትልቁ ክስ ፈረደ፤ በአብዛኛው ለክለቡ! ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ብድሩ ብድር ነው ተባለ። እኛ ሠፈር ጭፈራ ሆነ። «ያለ ጥፋታችን ገደሉን!» ተባለ። እኔም ጨፍሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ኩባንያውን ያፈረሰው ያ ክስ አልነበረም። ክሱ ገዢ አባረረ፣ ክለቡን በአንድ ፓውንድ አሸጠ፤ በጥላው ነው የጎዳው። ገመዱን የጎተተው የደመወዝ ግብሩ ነው። ደስታውም አልቆየም። በ2015 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገለበጠው። ሐምሌ 5 ቀን 2017 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ወሰነ። ነገሩ ሲጨመቅ፣ ለሥራህ የተከፈለህ ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ዞሮ ቢመጣም ደመወዝ ነው፤ ግብር አለበት። ያን ቀን ማንም አልጨፈረም። ማንም አላወራውምም።

ሚዲያውን በተመለከተ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት አለው። በመሪ ዘመን የስፖርት ጋዜጠኞቹ ክለቡን አይነኩም ነበር። ከባለቤቱ ጋር ጥሩ የበግ ሥጋ በልቶ ጥሩ ነገር የጻፈ ጋዜጠኛ ነበርና፣ እንዲህ ዓይነቱ ዘገባ እዚህ እስከ ዛሬ «የበግ ሥጋ ጋዜጠኝነት» ይባላል። እኛ ሆድ አደር የምንለው ማለት ነው። ታክሱን በዝርዝር የጻፈው ስሙ ያልታወቀ አንድ ጦማሪ ነው፤ በ2012 የኦርዌል ሽልማትን አገኘ። ቢቢሲ ስኮትላንድም በዚያው ግንቦት የጎን ደብዳቤዎቹን በፕሮግራም አወጣ። የእኛ ሰው ምን አለ? «ጸሐፊው ሴልቲክ ነው፤ ቢቢሲም ሴልቲክ ነው።» ይሆናል! ግን ደብዳቤው እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው መጠጥ ቤታችን ውስጥ አላየሁም። በ2015 ክለቡ አንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ከለከለ፤ ቢቢሲም ተቀይሞ ለዓመታት ከኢብሮክስ ቀረ። ሰኔ 2012 ላይ «1872–2012» ብለው እንደ መቃብር ጽሑፍ ያወጡትን ጋዜጦች ግን እኔም ይቅር አላልኳቸውም።

ጨዋታው? ኧረ ጨዋታው ነው ደስ የሚለው! የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አናስገባችሁም አሏቸው፤ የታችኞቹ ሊጎች ክለቦች ከ30ው 25ቱ ድምፅ ሰጥተው አራተኛው እርከን ላይ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ፒተርሄድ፣ የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ 2 ለ 2፣ ያውም በመጨረሻ ደቂቃ አቻ። በሳምንቱ ኢብሮክስ ላይ ከኢስት ስተርሊንግሺር ጋር 49,118 ሰው ገባ፤ በአራተኛ እርከን የዓለም ሪከርድ ነው ተባለ። ጥቅምት 6 ቀን ደግሞ የሊጉ መጨረሻ የነበረው ስተርሊንግ አልቢዮን 1 ለ 0 አሸነፈን። አሰልጣኛቸው ሜዳ ላይ አልነበረም። ሠርጉ ነበር! ሰውዬው እያገባ ነው ያሸነፈን።

በስምንተኛው ቀን ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። እኔ ሁሉን ረስቼ የዋልያዎቹን ማልያ ለብሼ ደረጃው ላይ እየጮኽኩ ወጣሁ። አረንጓዴ ማልያ፣ የሴልቲክ ቀለም። ጎቫን ውስጥ። ጋሼ በሩን ከፈተ። ማልያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ማልያዬን አየ። «ማን አሸነፈ?» አለ። ነገርኩት። «ለዛሬ ብቻ» አለና በሩን ዘጋ። ቆይቶ ሁለት ቢራ ይዞ መጣ። «ቢያንስ የአንዳችን ቡድን ያሸንፍ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። በ2016 ወደ ላይ ተመለሱ። በ2020/21 በስቲቨን ጄራርድ አሰልጣኝነት 38 ጨዋታ ሳይሸነፉ፣ በ102 ነጥብ፣ 55ኛውን የሊጉን ሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሱ። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነበር። በ2022 ሴቪያ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት በፍራንክፈርት ተሸነፉ። ያን ሌሊት አላነሳውም።

ታዲያ ያው ክለብ ነው ወይስ ሌላ? ኩባንያው ፈርሷል፤ ይህ አያከራክርም። ሊጉ ግን ታሪኩን ቀጣይ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በ2013 ጉዳዩን ያየው ኮሚሽንም ስለ ጎን ደብዳቤዎቹ 250 ሺህ ፓውንድ ቀጣ እንጂ ዋንጫ አልነጠቀም። ለእኔ ያው ክለብ ነው። የጋሼ ወንበር ያው ወንበር ነው፤ ጎሉም በዚያው መስኮት ነው የሚሰማኝ።

ግን ወገኖቼ የማይወዱትን አንድ ነገር ልጨምር። የአበዳሪዎቹ ዝርዝር ሲወጣ 276 ስም ነበረበት። ራፒድ ቪየና ለአንድ ተጫዋች ሽያጭ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይፈልጋል። የስኮትላንድ አምቡላንስ አገልግሎት አለበት። የልጆችን ፊት ቀለም የምትቀባ አንዲት ሴት አለች፤ የእሷ 40 ፓውንድ ነው። 55ቱ ዋንጫ የእኛ ነው ካልን የሴትዮዋ 40 ፓውንድም የእኛ ነው። ይህን መጠጥ ቤት ውስጥ ተናግሬ አንድ ሰው ቢራውን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዶብኛል። ጋሼ ግን «አርባ ብቻ ነው?» ብሎ ኪሱን ዳበሰ።

አንተ ስትመጣ፣ የሥራ ቦታህ ልጆች «ታክስ» ሲሉ «የትኛው?» ብለህ ጠይቃቸው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግርህ ካገኘህ አብረኸው ጨዋታ እይ፤ ሴልቲክም ቢሆን። ቤት መፈለጉ ላይ ካስቸገረህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የዋልያ ማልያህን ይዘህ ና፤ ግን ከኮት ሥር።