ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ? የገና ውድድርና የእናታችን ጥያቄ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሰፈራችን የጡረተኞች ክበብ አለ፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን የጥያቄና መልስ ውድድር፣ እነሱ ትሪቪያ የሚሉትን፣ አዘጋጁና እኔም ገባሁ። «ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለቡድኔ «ሦስት» አልኩ። ዳኛው «አይደለም፣ ወንጌል ቁጥር አልጻፈም» ብሎ ነጥቡን ከለከለን። «ማርያም ወደ ቤተ ልሔም በምን ሄደች?» ሲባል ግን «በአህያ» ያለው ቡድን ነጥብ አገኘ። አብራኝ የነበረች ጎረቤቴ «እንግዲያው ቤተ ክርስቲያናችሁ ተረት ነው ያስተማረቻችሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ተረብሿል። ደግሞስ በጾመ ነቢያት እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ላይ መቀመጤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ ከኋለኛው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ጾሙን እንዴት እንደሚጾሙት ለእርስዎ ልንገር ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ መጫወት ጾም አይሽርም። አባቶቻችን ራሳቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ዱላ ይዘው ሜዳ የወጡ ሰዎች ናቸው።

የሚጠነቀቁት ገበታውንና ገንዘቡን ነው። በዚያ ሰሞን በክበብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ኩኪስ አብዛኛው ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ኤግኖግ የሚሉት መጠጥ ደግሞ ወተትና እንቁላል ነው፤ አልኮል የሚጨምሩበትም አሉ። «ይህ ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚሻለው ግን ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ ወይም ቴምር ይዞ ሄዶ ለሁሉም መዘርጋት ነው። ያኔ «ለምን አትበይም?» የሚልዎት ሰው አይኖርም። ስለ ገንዘቡ፦ መዋጮው ለቡናና ለአዳራሽ ወይም ለችግረኛ ከሆነ ደግ። እያንዳንዱ አምስት ዶላር አስቀምጦ አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስድ ከሆነ ግን ቁማር ነው፤ ጥያቄው ስለ ጌታ ልደት መሆኑም የባሰ ያደርገዋል እንጂ አይቀድሰውም። እዚያ ላይ አይቀመጡ።

አሁን ልብዎን ወደረበሸው ልምጣ። ይህን ይዘው የሚመጡ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ችግር አንድ ነው። «አልተጻፈም» እና «ሐሰት ነው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ ያደርጓቸዋል።

ዳኛው ስለ ወንጌል የተናገረው ልክ ነው፤ አይከራከሩት። ማቴዎስ በምዕራፍ 2፥1 ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ መጡ ይላል፤ ቁጥር የለውም። በቁጥር 11 ላይ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አቀረቡ ይላል፤ ሦስት የሆነው እጅ መንሻው ነው። ነገር ግን ወንጌላዊው «ሦስት ነበሩ» እንዳላለ ሁሉ «ሦስት አልነበሩም»ም አላለም። ጎረቤትዎ ግን «አልጻፈም» ከሚለው ተነሥታ «ተረት ነው» ወደሚለው ዘለለች፤ በመካከሉ ያለውን ገደል ልብ አላለችውም። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ብላ ስትሥላቸውና ስትዘምርላቸው ከአባቶች የተቀበለችውን ነው የምታስተላልፈው። ማቴዎስ ላይ ተጽፏል ብላ አላስተማረችዎትም፤ ይህን ለይተው ይያዙ። ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጨርስ ጌታ ያደረገው ሁሉ አንድ በአንድ ቢጻፍ ዓለም ስንኳ ለመጻሕፍቱ ባልበቃ ነበር ብሏል (21፥25)። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በቃልም ሆነ በመልእክት የተማሩትን ወግ እንዲይዙ አዝዟል (2ኛ ተሰ. 2፥15)። በቃል የተሰጠ ትምህርት እንዳለ የሚመሰክረው ራሱ የተጻፈው መጽሐፍ ነው።

የአህያዋ ነገር ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ሉቃስ የዮሴፍንና የእመቤታችንን ጉዞ ሲተርክ (2፥4-5) አህያ የሚባል አላነሣም። አህያዋ የምትገኘው ከሁለተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሚታወቅ፣ ከወንጌል ውጭ በሆነ ጥንታዊ ትረካ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዳኛው በአንዱ ጥያቄ ትውፊትን ጥሎ በሌላው ትውፊትን አጽድቋል ማለት ነው፤ ሳያውቀው። ትውፊት የሌለው ክርስቲያን የለም፤ ልዩነቱ ማወቅና አለማወቅ ነው።

እኛም ግን ንጹሐን አይደለንም። ወንጌልን፣ ትውፊትንና የልጆች ድራማን እንደባልቃለን። ሕፃኑ በመጠቅለያ ተጠቅልሎ በግርግም መተኛቱ ወንጌል ነው (ሉቃ. 2፥7)። ላምና አህያ በእስትንፋሳቸው አሟሟቁት የምንለው ትውፊት ነው፤ አባቶች ከኢሳይያስ 1፥3 ጋር አያይዘው ያነቡታል። በሩን ዘግቶ «ቦታ የለም» ብሎ ያባረራቸው ክፉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን የልጆች ድራማ ነው፤ ሉቃስ ስፍራ አለመገኘቱን ብቻ ነው የጻፈው። ይህን የመጨረሻውን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ ብሎ የሚምል ስንት ሰው አለ! አንድ ቀን ገልጦ ሲያጣው የፊተኞቹንም አብሮ ይጠረጥራል። የእምነት መናወጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከቀኑም ጋር ይጠንቀቁ። «ጌታ መቼ ተወለደ?» የሚል ጥያቄ በእንዲህ ያለ ውድድር አይጠፋም፤ የሚጠበቀው መልስ ዲሴምበር 25 ነው። የኛ ሰው ተነሥቶ «ውሸት፣ ጃንዋሪ 7 ነው» ይላል። ሁለቱም ወንጌል አልጠቀሱም፤ ወንጌል ቀን አልጻፈም። ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29 ከተበሠረው ፅንሰት ተነሥታ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቆጥራ ታኅሣሥ 29 ታከብራለች። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ወደ 28 የምንመለሰው ቁጥሩ እንዳይዛነፍ ነው። ይህ ቀን በጥንቱ የሮማ አቈጣጠር ራሱ ዲሴምበር 25 ነው። በፈረንጆቹ 1582 ጎርጎርዮስ የተባለው የሮም ፖፕ አቈጣጠሩን ሲያርም ልዩነት መጣ፤ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ከፈረንጆቹ 2101 ጀምሮ የኛ ልደት በእነሱ ጃንዋሪ 8 ይውላል። ስለዚህ በጃንዋሪ 7 ላይ ሙግት መክፈት አያስፈልግም።

እናታችን፣ በልደት ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን ጥያቄና መልስ ያስታውሱታል? ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጻፎችን ሰብስቦ «ክርስቶስ ወዴት ይወለዳል?» አላቸው። ሳያመነቱ «በይሁዳ ቤተ ልሔም» አሉ፤ ሚክያስንም ጠቀሱ (ማቴ. 2፥4-6)። ሙሉ ነጥብ! ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም አሥር ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ከመላሾቹ አንዱም ተነሥቶ ሄደ ተብሎ አልተጻፈም። ጥቅሱን የማያውቁት፣ ከሩቅ አገር ኮከብ ተከትለው የመጡት፣ እነሱ ሄደው ሰገዱ። እርስዎ አንድ ነጥብ ስላጡ ተጨንቀዋል፤ እኔ የሚያስጨንቀኝ አሥሩንም መልሶ የልደት ሌሊት ቅዳሴ ላይ የማይገኘው ነው።

ከክበቡ ግን አይቅሩ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ይላል፤ «በየዋህነትና በፍርሃት» የሚለውን አይርሱት (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ለጎረቤትዎ «ወንጌል ቁጥር አልጻፈም፣ ሦስት የሚለው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው፣ የአህያዋም እንደዚያው» ብለው ረጋ ብለው ይንገሯት፤ ይበቃታል።

ለከርሞ ደግሞ አንዱን ዙር እኔ ላዘጋጅ ይበሏቸው። የእንዲህ ያለ ጨዋታ ጠብ የሚነሣው ጥያቄው ምንጩን ሳይናገር ሲቀር ነው። «ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ?» አይበሉ፤ «ማቴዎስ የጠቀሳቸው እጅ መንሻዎች ምን ምን ናቸው?» ይበሉ። «የልደትን ታሪክ የጻፉት የትኞቹ ወንጌላውያን ናቸው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ማቴዎስና ሉቃስ ነው፤ ብዙ ሰው አራቱም ይላል። ከትውፊት ሲጠይቁ «በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት» ብለው ይጀምሩ። ስለ ሳንታ ክላውስ ከተነሣ ስሙ የመጣበትን የሜራውን ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስን ያስገቡላቸው፤ የኛ ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ያስበዋል፤ በእነሱ ዲሴምበር 19 ነው፤ ይገርማቸዋል። በየካርዱ ጀርባ ምዕራፍና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ዳኛው ፊት የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ ይቀመጥ፤ መልስ ከመነበቡ በፊት ሁሉም ቡድን ወረቀቱን ያስረክብ። ጥያቄዎቹም ከአሥራ ሁለት አይብለጡ፤ አዛውንት ይደክማሉ፣ ቡናውም ይቀዘቅዛል።